ቦልደርና የኳንተም ቴክኖሎጂ፦ ከልኬት ቤት የተነሣ ታሪክ

ቦልደር በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር በስተሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሜዳው አብቅቶ የሮኪ ተራሮች በሚጀምሩበት ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ 100 ሺህ ገደማ ናቸው። በኳንተም ሳይንስ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ግን ከስፋቷም ከሕዝቧም ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ከ2001 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ብቻ በዚያ ይሠሩ የነበሩ አራት ሰዎች የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ትክክለኛ ሰዓቶች ጥቂቶቹ፣ የመጀመሪያው የኳንተም ኮምፒውተር ስሌት ሙከራ፣ አንዲትን የብርሃን ቅንጣት ለይተው የሚይዙ መሣሪያዎች ከዚህች ከተማ ቤተ ሙከራዎች ወጥተዋል።

ይህ ሁሉ የመጣው አዲስ ዓይነት ኮምፒውተር ለመሥራት ታቅዶ አይደለም። መነሻው ሰከንድን፣ ሜትርንና ቮልትን በትክክል የመለካትና የመጠበቅ ኃላፊነት የተጣለበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው ሐሳብ በሳይንቲስቶች ዘንድ በቁም ነገር መታየት ከመጀመሩ በፊት ቦልደር ውስጥ ለ40 ዓመታት ያህል አቶምን መያዝ፣ ማቀዝቀዝ፣ ድምፁን ማዳመጥ የሚችሉ እጆች ሲሠለጥኑ ኖረዋል። ዘመኑ ሲደርስ ዝግጁ ሆነው የተገኙትም እነዚሁ እጆች ነበሩ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ በ1901 የተቋቋመው በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሬዲዮ ሞገድ በከባቢ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያጠናው ክፍል ሥራው እየሰፋ ሄደ፤ የከተማው የኤሌክትሪክና የሬዲዮ ሁካታ ደግሞ ለስሱ መሣሪያዎች እንቅፋት ሆነ። ስለዚህ ጸጥ ያለ ሌላ ቦታ ተፈለገ። ከታሰቡት መካከል በቨርጂኒያ ሻርለትስቪል፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ እና ቦልደር ይገኙበታል።

ውሳኔው በወቅቱ የቢሮው ዳይሬክተር በነበረው በኤድዋርድ ኮንደን እጅ ነበር። ኮንደን ተራ አስተዳዳሪ አልነበረም። በ1929 ከፊሊፕ ሞርስ ጋር ሆኖ ያሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ከተጻፉ የኳንተም መካኒክስ የመማሪያ መጻሕፍት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1948 በአሜሪካ ምክር ቤት ፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴን የሚመረምረው ኮሚቴ የአገሩን የአቶም ምስጢር ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው አድርጎ ከሰሰው፤ ክሱ ግን በማስረጃ አልተረጋገጠም። በዚያ ሁሉ ውርጅብኝ መካከል ነው ቦልደርን የመረጠው። በ1951 ቢሮውን ለቆ ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ ግን በ1963 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ወደ ቦልደር መጣና ራሱ በመረጣት ከተማ አስተማረ።

የቦልደር ሰዎች ደግሞ ዕድሉን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የከተማዋ የንግድ ምክር ቤት ከነዋሪዎችና ከነጋዴዎች ገንዘብ አሰባስቦ በ1950 ከከተማዋ በስተደቡብ ከ200 ኤከር በላይ መሬት ገዛና ለፌዴራል መንግሥት በስጦታ አስረከበ። የሱቅ ባለቤቶችና የቤት እመቤቶች ገንዘብ ያዋጡት ኳንተም ምን እንደሆነ ስላወቁ አይደለም፤ ቋሚ ሥራና የተማረ ሰው ወደ ከተማቸው እንዲመጣ ስለፈለጉ ነው። እንዲያም ሆኖ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ሳይንሳዊ ግኝት በፊት ሊጠቀስ የሚገባው ይህ መዋጮ ነው፤ ያለ እሱ የቀረው ሁሉ በሌላ ከተማ በሆነ ነበር።

ዋናው ሕንፃ በሴፕቴምበር 14 ቀን 1954 ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በተገኙበት ተመረቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን በዚያው መሬት ላይ ሌላ ቤተ ሙከራ ሥራ ጀምሮ ነበር። ይህም ሃይድሮጅንን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት የሚለውጥ፣ በአሜሪካ የአቶም ኃይል ኮሚሽን ገንዘብ የተሠራ ተቋም ነው። ዓላማው የሃይድሮጅን ቦምብ ፕሮግራሙን ማገልገል ነበር፤ በኖቬምበር 1952 በፓስፊክ ውቅያኖስ የፈነዳው የመጀመሪያው የሃይድሮጅን ቦምብ በፈሳሽ ዴውተሪየም የሚሠራ ነበርና የከፍተኛ ቅዝቃዜ ዕውቀት አጥብቆ ይፈለግ ነበር። የቦልደር የብርድ ሙያ ከጦር መሣሪያ ጋር ተያይዞ መጀመሩ ሊሸሸግ የማይገባ ሐቅ ነው። ሙያው ግን በከተማዋ ቆየና ሌላ መንገድ ያዘ።

በእነዚያው ዓመታት ከዋሽንግተን ወደ ቦልደር ከተጓዙት ዕቃዎች አንዱ በሴሲየም አቶም የሚሠራ ሰዓት ነበር። ኤንቢኤስ 1 የሚል ስም የተሰጠው ይህ መሣሪያ በ1959 የአሜሪካ ዋና የድግግሞሽ መለኪያ ሆነ። የአሠራሩ መሠረት የኳንተም ፊዚክስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፦ አቶም ጉልበትን የሚቀበለውና የሚለቀው እንደፈለገው ሳይሆን በተወሰኑ ደረጃዎች ብቻ ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለማለፍ የሚያስፈልገው የማይክሮዌቭ ድግግሞሽ ለሴሲየም አቶሞች ሁሉ አንድ ነው፤ አቶሙ ቦልደር ይሁን ለንደን፣ ዛሬ ይሁን ከሺህ ዓመት በኋላ አይለወጥም። የሰዓት ፔንዱለም ይረዝማል፣ ያጥራል፤ የምድር ዙረት ራሱ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። አቶም ግን አያረጅም። በ1967 ዓለም አቀፉ የክብደትና የልኬት ጉባኤ ሰከንድን ከምድር እንቅስቃሴ ነጥሎ፣ ሴሲየም 133 የሚያወጣው ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚወዛወዝበት ጊዜ ነው ብሎ ደነገገው።

ቦልደር ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆኗ ለሰዓት ጠባቂዎቹ ሌላ ሥራ አመጣ። በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት የስበት ኃይል በደከመበት ከፍታ ላይ ሰዓት ይፈጥናል። የቦልደር ሰዓት ከባሕር ዳርቻ ሰዓት በቀን 15 ናኖሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ በዚሁ ስሌት ከፍ ብላ የምትገኘው አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀመጥ የአቶም ሰዓት በቀን 22 ናኖሰከንድ ያህል በቀደመ ነበር። ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ናት። ለማንም የማትታይ ይህች ልዩነት በቦልደር ግን በየዕለቱ ተሰልታ የምትቀነስ የሥራ ጉዳይ ነበረች። አንጻራዊነትን ከመጽሐፍ አውጥቶ የቢሮ ልማድ ያደረገ ተቋም፣ ቆይቶ የኳንተምን ሕግጋት መሣሪያ ማድረጉ አያስደንቅም።

ሰከንዱ ሲጸና ሜትሩም ተከተለ። በ1972 ኬኔት ኢቨንሰን፣ ጆን ሆልና ባልደረቦቻቸው በቦልደር የአንድን ሌዘር ድግግሞሽና የሞገድ ርዝመት በየራሱ ለክተው የብርሃንን ፍጥነት ከቀድሞው መቶ ጊዜ ያህል በተሻለ ትክክለኝነት አወጡ። ከዚያ በኋላ የቀረው ስህተት የመጣው ከብርሃኑ ሳይሆን ሜትር ራሱ ሲደነገግ በቂ ጥራት ስላልነበረው ነው። ስለዚህ በ1983 ዓለም አቀፉ ጉባኤ ነገሩን ገለበጠው፦ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ሜትር ደግሞ ብርሃን በ1/299,792,458 ሰከንድ ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ሆነ። በዴንቨር የተወለደው ጆን ሆል በዚህ ሥራ ያካበተው ሌዘርን የማረጋጋት ጥበብ ቀጥሎ ለመጣው ሁሉ መሠረት ጣለ።

ሆል የሚሠራው ጂላ በሚባለው ተቋም ነበር። ጂላ በ1962 በደረጃዎች ቢሮውና በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መካከል በተደረገ ስምምነት ተመሠረተ። ስሙ የቤተ ሙከራ የከዋክብት ፊዚክስን የሚያመለክት ምኅጻር ነበር፤ ዋናው ሐሳብ የከዋክብትን ጋዝ ጠባይ በምድር ላይ በቤተ ሙከራ ማጥናት ነበርና። ሥራው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄድ ምኅጻሩ ትርጉሙን አጣ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። የጂላ ልዩ ነገር አደረጃጀቱ ነው። የመንግሥት ደመወዝተኛውና የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ኮሪደር ይሠራሉ፤ ሁለቱም የዶክትሬት ተማሪ ያሠለጥናሉ። የብረትና የመስታወት ሥራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ ያላቸው ባለሙያዎች የሚገኙበት ወርክሾፕ አለ፤ በገበያ የማይገኝ መሣሪያ እዚያው ይሠራል። የመንግሥት ገንዘብ ትዕግሥትን አመጣ፤ ዩኒቨርሲቲው ወጣትነትን አመጣ። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ጂላ ጂላ አይሆንም ነበር ማለት ይቻላል።

በ1975 ዴቪድ ዋይንላንድ የሚባል ወጣት የፊዚክስ ሊቅ በደረጃዎች ቢሮው ተቀጠረ። በሃርቫርድ በኖርማን ራምሴ ሥር ተምሮ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከሃንስ ዴመልት ጋር ሠርቶ የመጣ ነው። የተቀጠረው ለሰዓት ሥራ ነበር። ችግሩ ይህ ነው፦ በሴሲየም ሰዓት ውስጥ አቶሞች በፍጥነት ይሮጣሉ፤ የሚሮጥ ነገር የሚያወጣው ድግግሞሽ ደግሞ ይዛባል። መፍትሔው አቶሙን ማስቆም ነው። ዋይንላንድና ዴመልት ያቀረቡት ሐሳብ በሌዘር ማቀዝቀዝ ነበር። የሌዘሩ ድግግሞሽ አቶሙ ከሚቀበለው በጥቂቱ ዝቅ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ብርሃኑን አብዝቶ የሚቀበለው ወደ ሌዘሩ የሚገሰግሰው አቶም ብቻ ይሆናል፤ በተቀበለ ቁጥርም ይገፋና ፍጥነቱ ይቀንሳል። በ1978 ዋይንላንድና ሁለት ባልደረቦቹ በኤሌክትሪክና በመግነጢስ መስክ በተያዙ የማግኒዚየም አዮኖች (ኤሌክትሮን በጎደላቸው አቶሞች) ላይ ይህን አሳዩ፤ በዚያው ዓመት በሃይደልበርግ ዴመልት የነበረበት ቡድን በባሪየም አዮኖች ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ብርሃን ማሞቂያ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣም እንደሚሆን የታየው በእነዚህ ሁለት ሙከራዎች ነው። በ1989 የዋይንላንድ ቡድን አንድ የሜርኩሪ አዮንን ተፈጥሮ እስከምትፈቅደው ዝቅተኛ የእንቅስቃሴ ደረጃ ድረስ አወረደው።

በጂላ በኩል ደግሞ ካርል ዋይመንና ኤሪክ ኮርኔል ሌላ ግብ ይዘው ነበር። በ1924 እና በ1925 ሳትየንድራ ናት ቦዝና አልበርት አንስታይን በጻፉት መሠረት፣ የአንድ ዓይነት አቶሞች ጋዝ በበቂ መጠን ከቀዘቀዘ ሁሉም በአንድ የኳንተም ሁኔታ ውስጥ ገብተው እንደ አንድ ትልቅ አቶም መሆን አለባቸው። ለ70 ዓመታት ይህን በጋዝ ያሳየ አልነበረም። ዋይመን ውድ ሌዘር ከመግዛት ይልቅ በሙዚቃ ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ካሉት ጋር የሚቀራረቡ ርካሽ ሌዘሮችን ተጠቀመ። ኮርኔል አቶሞቹ ከመግነጢሳዊው ወጥመድ መሐል እንዳያመልጡ መስኩን የሚያሽከረክር ዘዴ አመነጨ። በመጨረሻ የሞቁት አቶሞች እየተለዩ እንዲወጡ፣ ቀዝቃዛዎቹ ብቻ እንዲቀሩ ተደረገ። በጁን 5 ቀን 1995 ጠዋት 2,000 ገደማ የሩቢዲየም አቶሞች ከፍጹም ዜሮ በ170 ናኖኬልቪን ብቻ ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ተሰባስበው አንድ ሆኑ። ሁለቱ በ2001 የኖቤል ሽልማቱን ከማሳቹሴትሱ ቮልፍጋንግ ኬተርለ ጋር ተካፈሉ።

ስለ ኳንተም ኮምፒውተር የሚደረገው ወሬ ቦልደር የደረሰው ከ1995ቱ የሩቢዲየም ሙከራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ተራው ኮምፒውተር መረጃን 0 ወይም 1 አድርጎ ይይዛል፤ ኩቢት የሚባለው የኳንተም መረጃ መያዣ ግን 0 እና 1ን በአንድነት ያጣመረ ሁኔታ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ኩቢቶች ሲቆራኙም የአንዱ ሁኔታ ከሌሎቹ ተነጥሎ ሊገለጽ አይችልም። በ1994 ፒተር ሾር የተባለው የሒሳብ ሊቅ እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖር ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው በፍጥነት መከፋፈል፣ በዚያም ብዙ የምስጢር ቁልፎችን መፍታት እንደሚችል አሳየ። በዚያው ዓመት በጋ ዓለም አቀፉ የአቶም ፊዚክስ ጉባኤ የተካሄደው በቦልደር ነበር። ከኦክስፎርድ የመጣው አርተር ኤከርት ስለ ኳንተም ስሌት ንግግር አደረገ፤ ለዚህ ማሽን የሚሆን አካል ማን ሊሠራ እንደሚችልም የአቶም ሰዎችን ጠየቀ። ከአድማጮቹ መካከል የነበሩት ኢግናሲዮ ሲራክና ፒተር ዞለር በ1995 መልሱን አሳተሙ፦ በመስመር የተያዙ የቀዘቀዙ አዮኖች ኩቢት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጋራ ንዝረታቸው ደግሞ መረጃን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል።

ጽሑፉን ላነበበ የቦልደር ሰው የተገለጸው መሣሪያ እንግዳ አልነበረም፤ ለሰዓት ሲባል የተሠራው ወጥመድ ራሱ ነበር። ክሪስ ሞንሮ፣ ዋይንላንድና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓመት ሳያልፍ አንድ የቤሪሊየም አዮን ይዘው፣ የአዮኑን ውስጣዊ ሁኔታ አንድ ኩቢት፣ ንዝረቱን ሌላ ኩቢት አድርገው፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የመጀመሪያውን የኳንተም ስሌት በር (የስሌቱን መሠረታዊ እርምጃ) አሠሩ። ሐሳቡ ከታተመ በኋላ ወራት እንጂ ዓመታት አልፈጀባቸውም፤ ያፈጠናቸው የ20 ዓመት የሰዓት ሥራ ነው። በ1998 ሁለት አዮኖችን፣ በ2000 አራት አዮኖችን አቆራኙ። በ2002 ዴቪድ ኪልፒንስኪ፣ ሞንሮና ዋይንላንድ ትልቅ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ንድፍ አቀረቡ፦ አዮኖቹን በአንድ ረድፍ ከማጨናነቅ ይልቅ በቺፕ ላይ በተዘጋጁ ክፍሎች መካከል በኤሌክትሪክ መስክ እያንቀሳቀሱ፣ የሚፈለጉትን ሁለቱን ወደ አንድ ክፍል አምጥቶ ማገናኘት። ዋይንላንድ በ2012 ከፈረንሳዩ ሰርዥ አሮሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ለዚህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ግን የኮምፒውተሩ ጥበብ ተመልሶ ወደ ሰዓት መግባቱ ነው። የአሉሚኒየም አዮን ለሰዓት እጅግ ተስማሚ መሆኑ ከረጅም ጊዜ በፊት ይታወቅ ነበር፤ በውጭ ሙቀትና መስክ በቀላሉ አይረበሽም። ነገር ግን እሱን የሚያቀዘቅዝና ሁኔታውን የሚያነብብ አመቺ ሌዘር አልነበረም። በ2005 የቦልደር ቡድን አሉሚኒየሙን ከቤሪሊየም አዮን ጋር በአንድ ወጥመድ አጎራበተው። ቤሪሊየሙ ጎረቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ለኮምፒውተር በተፈጠረው የስሌት በር አማካይነትም የአሉሚኒየሙን ሁኔታ ወደ ራሱ ወስዶ ለተመራማሪው ይናገራል። በ2010 ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ተወዳድረው አንደኛው በ33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ሲደረግ መፍጠኑ ተለካ። ቀድሞ በተራራና በባሕር መካከል ይሰላ የነበረው የአንስታይን ልዩነት አሁን በደረጃ ሁለት እርከን ከፍታ ላይ ታየ።

እንዲህ ያሉት ሰዓቶች በማይክሮዌቭ ሳይሆን በብርሃን ድግግሞሽ ስለሚሠሩ፣ በሰከንድ በመቶ ትሪሊዮኖች የሚቆጠረውን ውዝዋዜ የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የፈታው የድግግሞሽ ማበጠሪያ የሚባለው ሌዘር ነው፤ ድግግሞሾቹ በእኩል ርቀት ተደርድረው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ስለሚሆኑ የማይታወቀውን ድግግሞሽ በእነሱ መለካት ይቻላል። ጆን ሆልና የጀርመኑ ቴዎዶር ሄንሽ ለዚህ ሥራቸው በ2005 የኖቤል ተካፋይ ሆኑ።

ዲቦራ ጂን ወደ ጂላ የመጣችው በ1995 ነው። የቦዝና የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ የሚመለከተው አንድ ወገን አቶሞችን ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን፣ ፌርሚዮን የሚባለው፣ ሁለት ቅንጣቶች አንድ ሁኔታ እንዲጋሩ አይፈቅድም። ጂን ከተማሪዋ ከብራያን ዴማርኮ ጋር በ1999 የፖታሲየም አቶሞችን የኳንተም ጠባያቸው እስኪገለጥ አቀዘቀዘች፤ በ2003 መጨረሻ ደግሞ ከባልደረቦቿ ጋር አቶሞቹን በጥንድ አቀናጅታ የመጀመሪያውን የፌርሚዮን ኮንደንሴት (በአንድ የኳንተም ሁኔታ የተሰባሰበ ጋዝ) አገኘች። ኤሌክትሮኖች ጥንድ ሆነው ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚፈስሱበትን የሱፐርኮንዳክተር ምስጢር ለመረዳት በር የከፈተ ሥራ ነው። በ2008 ከጁን ዬ ጋር እጅግ የቀዘቀዙ ሞለኪውሎችን ሠራች። በ2016 በ47 ዓመቷ አረፈች፤ ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ለኖቤል የሚጠብቋት ሳይንቲስት ነበረች።

የሆል ተማሪ የነበረው ጁን ዬ በበኩሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የስትሮንቲየም አቶሞችን ከሌዘር በተሠራ መረብ ውስጥ እያኖረ ሰዓት ይሠራል። የእሱ ቡድን በ2022 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ባለው የአቶሞች ክምችት ውስጥ የላይኞቹና የታችኞቹ አቶሞች ጊዜ መለያየቱን አሳይቷል። ይህ ደረጃ ሰዓትን የጊዜ መንገሪያ ብቻ ሳይሆን የከፍታና የስበት መለኪያም ያደርገዋል።

የቅዝቃዜው ሙያ ደግሞ በሌላ ሕንፃ የራሱን ፍሬ አፈራ። ብራያን ጆሴፍሰን በ1962 እንደተነበየው፣ በቀጭን ሽፋን የተለያዩ ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች ማይክሮዌቭ ሲደርሳቸው የሚያወጡት ቮልት በድግግሞሹ ብቻ ይወሰናል። በ1980ዎቹ የቦልደር ተመራማሪዎች ከ10 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ መጋጠሚያዎችን በአንድ ቺፕ ላይ ደርድረው 10 ቮልት የሚሰጥ መለኪያ ሠሩ፤ ቮልትም እንደ ሰከንድ በኳንተም ሕግ የሚጠበቅ ሆነ። ያው መጋጠሚያ ቆይቶ ኩቢት ሆነ። በቦልደር በዚህ ሥራ ለዓመታት ከቆዩት አንዱ ጆን ማርቲኒስ በ2004 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ሄደ፤ በ2019 ባለ 53 ኩቢቱን ማሽን ይፋ ያደረገውን የጉግል ቡድን መርቷል። በ2025 በበርክሌይ በተማሪነቱ ለሠራው ሥራ ከጆን ክላርክና ከሚሼል ዴቮሬ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚሁ ሙያ የወጡት ሌሎቹ መሣሪያዎች የሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ብርሃን መያዣዎች ናቸው፤ ሽቦው ከመቅጠኑ የተነሣ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ስትነካው ጠባዩ ይለወጣል። በ2015 የቦልደር ቡድን በእነዚህ መሣሪያዎች 185 ሜትር ያህል በተራራቁ ሁለት ቦታዎች የተቆራኙ የብርሃን ቅንጣቶችን ለክቶ፣ የኳንተም ቁርኝት በተደበቀ ቅድመ ስምምነት ሊገለጽ እንደማይችል አሳየ። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድሷ ዴልፍትና የኦስትሪያዋ ቪየና ተመሳሳይ ፈተና አድርገዋል። ክርክሩ አንስታይን በ1935 ካነሣው ጥያቄ የመነጨ ነበር።

በ2021 ደግሞ ከተማዋ ራሷ መለኪያ ሆነች። በመንግሥት ቤተ ሙከራው ያሉት የአሉሚኒየምና የይተርቢየም ሰዓቶች በጂላ ካለው የስትሮንቲየም ሰዓት ጋር፣ ከመሬት በታች በተዘረጋ የብርሃን ገመድና በአየር ላይ በተላከ ሌዘር ተያይዘው ተወዳደሩ። ሰከንድን ከሴሲየም ወደ ብርሃን ሰዓት ለማሸጋገር ዓለም አቀፉ ጉባኤ ለ2030 ያቀደው ለውጥ እንዲህ ያሉ ውድድሮች የሚሰጡትን ማረጋገጫ ይሻል።

የኩባንያዎቹ ዘመን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አመጣጡም የተማሪዎችንና የባልደረቦችን ዱካ ይከተላል። በ2007 ከጂላው ዴና አንደርሰን ሥራ የተወለደው ኮልድኳንታ የቀዘቀዙ አቶሞችን በትንሽ የመስታወት ሣጥን ውስጥ መያዝን ንግድ አደረገ፤ በ2018 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው የናሳ የቀዝቃዛ አቶም ቤተ ሙከራ በኩባንያው የተሠራ ክፍል ተጠቅሟል። በ2022 ስሙን ወደ ኢንፍሌክሽን ለወጠ። ከቦልደር አጠገብ በምትገኘው ብሩምፊልድ ሃኒዌል የተባለው ትልቅ ኩባንያ በ2002ቱ ንድፍ መሠረት አዮኖችን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያመላልስ ኮምፒውተር ሠራ፤ የኳንተም ክፍሉም በ2021 ከእንግሊዙ ካምብሪጅ ኳንተም ጋር ተዋሕዶ ኳንቲኒየም ሆነ። በ2024 ማሽኑ 56 ኩቢት ነበረው፤ በ2025 መጨረሻ የወጣው ሄሊዮስ 98 አለው። ቦልደርን ቀደም ብሎ የለቀቀው ሞንሮም በሜሪላንድ አዮንኪው የተባለውን ተፎካካሪ ኩባንያ በ2015 ከጁንግሳንግ ኪም ጋር መሠረተ። በአዮን ኮምፒውተር ንግድ ግንባር ቀደም የሆኑት ሁለቱም የአሜሪካ ድርጅቶች እንግዲህ ከአንድ ቤተ ሙከራ የተቀዱ ናቸው። በአጠገባቸው ሌዘር፣ የመስታወት ዕቃ፣ ቫኩምና ማቀዝቀዣ የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች በቦልደር፣ በጎልደንና በዴንቨር ተስፋፍተዋል፤ በ2021 በዴንቨር የተቋቋመው ሜይቤል ኳንተም ኩቢቶች የሚቀመጡበትን ማቀዝቀዣ ይሠራል።

መንግሥትም የነበረውን ነገር ስም ሰጥቶ ለማስፋት ተነሣ። በዲሴምበር 2018 የአሜሪካ ብሔራዊ የኳንተም ሕግ ጸደቀ፤ በ2019 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የኳንተም ፕሮግራም አቋቋመ። በኦክቶበር 2023 ኮሎራዶንና ኒው ሜክሲኮን የሚያቅፈው ኤሌቬት ኳንተም የተባለ ኅብረት የፌዴራል የቴክኖሎጂ ማዕከል ሆኖ ተሰየመ፤ በ2024 ከፌዴራል መንግሥት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበለት፣ የኮሎራዶ ግዛት ደግሞ ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ የግብር ማበረታቻ አጸደቀ። ኒው ሜክሲኮ የሎስ አላሞስና የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች መኖሪያ ናት፤ ሳንዲያ በተለይ የአዮን ወጥመድ ቺፖችን በመሥራት ይታወቃል። በዴንቨር አቅራቢያ ባለችው አርቫዳ ኩባንያዎች መሣሪያ የሚጋሩበት 70 ኤከር መሬት ተዘጋጀ። ከገንዘቡ የተወሰነው ለሥልጠና የሚውል ነው፤ ምክንያቱም ሌዘር የሚያስተካክል፣ ቫኩም የሚያጠብቅ፣ የቅዝቃዜ መሣሪያ የሚጠግን ቴክኒሻን ዶክትሬት አያስፈልገውም፤ በጂላ ወርክሾፕ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን የእጅ ጥበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ያስፈልገዋል።